በመኪናው ወለል ላይ ያቆረው ውሃ ከየት ገባ?

ክረምት በገባ ቁጥር በአዲስ አበባ ከሚሰሙት የባለመኪኖች እሮሮዎች አንዱ «መኪናዬ ውሃ ታስገባለች» የሚለው ነው። ነገሩ የሚጀምረው በጥቂቱ ነው። ጋቢና የተቀመጠው ሰው ከጫማው ሥር እርጥበት ይሰማዋል፤ በማግሥቱ የፊቱ መስታወት ከውስጥ በጉም ተሸፍኖ ያድራል፤ ሳምንት ሲሞላው ደግሞ በሩ ሲከፈት እንደ ቆየ እርጥብ ጨርቅ ያለ ሽታ ይወጣል። ባለቤቱም ምንጣፉን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ሲመልሰው ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል። ነገር ግን ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ያ ጥቂት እርጥበት ችላ ሲባል የወለሉን ላሜራ በዝገት ይበላል፤ የኤሌክትሪኩን ሽቦ ያበላሻል፤ ባለቤቱንም ላላሰበው ወጪ ይዳርጋል።

ዛሬ በዚህ ገጽ ስለዚሁ ውሃ አመጣጥና ስለ ምርመራው ጥቂት ልናወጋ አስበናል። ይህንንም የምናደርገው ከደመወዛቸው እያጠራቀሙ ወይም ከማኅበር ተበድረው ያገለገለ መኪና የገዙ ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችን፣ እንዲሁም ነገ ባለመኪና የሚሆኑ ተማሪዎችን በማሰብ ነው። የጽሑፋችን ዋና ቃል አንድ ነው፤ ይኸውም ውሃው የታየበት ቦታና ውሃው የገባበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የተለያዩ ስለሆኑ፣ መግቢያው በምርመራ ሳይታወቅ ማንኛውንም ቀዳዳ መድፈን አይገባም የሚል ነው።

ስለምን ጋቢናው?

ውሃ ምንጊዜም ቁልቁል ይወርዳል። በጣሪያ በኩል የገባች አንዲት ጠብታ በጣሪያው ጨርቅና በላሜራው መካከል ተጉዛ፣ ከመስታወቱ ዳር ባለው ምሰሶ ውስጥ ወርዳ፣ በዳሽቦርዱ ጀርባ አልፋ፣ በመጨረሻ የምታርፈው ከሁሉ ዝቅ ባለው ስፍራ፣ ማለትም በእግር ማሳረፊያው ላይ ነው። ከሹፌሩ ወገን ይልቅ የጋቢናው ወገን የሚረጥብበት ምክንያት ደግሞ አለው። መሪያቸው በግራ በሆነ በብዙዎቹ መኪናዎች፣ አየር ወደ ውስጥ የሚነፋው ቬንቲሌተር፣ የአየሩ ማጣሪያና የማቀዝቀዣው ሣጥን የሚገኙት በጋቢናው በኩል ከዳሽቦርዱ ሥር ስለሆነ፣ በነዚህ በኩል የሾለከ ውሃ ሁሉ የሚፈስሰው በዚያ በተቀመጠው ሰው እግር ላይ ነው።

ከምንጣፉ ወይም መካኒኮች ሞኬት ከሚሉት በታች ወፍራም ስፖንጅ ተነጥፏል። ይህ ስፖንጅ ብዙ ሊትር ውሃ ጠጥቶ መያዝ ይችላል። ስለዚህ ምንጣፉ ከላይ ሲዳሰስ ደረቅ ቢመስልም ከሥሩ ኩሬ ሊኖር ይችላል። በብዙ መኪናዎች የሽቦ ማያያዣዎች ከዚሁ ምንጣፍ ሥር ስለሚያልፉ፣ በአንዳንዶቹም የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ሣጥኖች ከወንበር ሥር ስለሚቀመጡ፣ ያለ ምክንያት የሚበራ የማስጠንቀቂያ መብራት ወይም አልታዘዝ የሚል የመስኮት ማንሻ መነሻው ይኸው ውሃ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ በጉም የተሸፈነ መስታወት በጨለማና በዝናብ ለሚነዳ ሰው የሕይወት አደጋ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

በመጀመሪያ የውሃው ዓይነት ይታወቅ

ሐኪም በሽተኛውን ሳይጠይቅ መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ፣ ባለመኪናውም አስቀድሞ የውሃውን ዓይነት ይለይ። ነጭ የሶፍት ወረቀት በእርጥቡ ቦታ ላይ ተጭኖ ቀለሙንና ሽታውን ማየት ይበቃል። በአፍ መቅመስ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ወረቀቱ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ቀለም ከያዘ፣ በጣት መካከልም የሚያሙለጨልጭና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ፣ ይህ የዝናብ ውሃ ሳይሆን የሞተሩ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ነው። በዳሽቦርዱ ውስጥ የተሳፋሪውን ክፍል የሚያሞቅ ትንሽ ራዲያተር አለ። የሞተሩ ሙቅ ውሃ በእርሱ ውስጥ ስለሚዘዋወር፣ ሲበሳ ወይም ቱቦው ሲላላ ፈሳሹ ወደ እግር ማሳረፊያው ይንጠባጠባል። ማሞቂያው ሲከፈትም የፊቱ መስታወት ቅባት መሰል ጉም ይለብሳል። ብዙ ጊዜ በዚህ ፈሳሽ ውስጥ የሚገኘው ኢታይሊን ግላይኮል የሚባለው ነገር መርዝ ነው፤ ጣዕሙም ጣፋጭ በመሆኑ ሕፃናትና ውሾች እንዳይደርሱበት ያስፈልጋል። በአገራችን ብዙ ሹፌሮች ራዲያተራቸውን በተራ ውሃ ስለሚሞሉ ቀለም አለመታየቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። እንዲህ ሲሆን ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት በመጠባበቂያው ጎድጓዳ ፕላስቲክ ላይ የውሃው ከፍታ በእስክሪብቶ ምልክት ተደርጎበት ከጥቂት ቀን በኋላ ይታይ። ከሞተሩ በታች ምንም ሳይንጠባጠብ ውሃው ከጎደለ ትንሹን ራዲያተር መጠርጠር ተገቢ ነው። ጋራዦችም በራዲያተሩ አፍ ላይ በሚገጠም የእጅ ፓምፕ ግፊት ሰጥተው ይህንን ሊያረጋግጡ ይችላሉ። ሞተሩ ግሎ ሳለ ግን የራዲያተሩን ክዳን መክፈት ፊትንና እጅን ያቃጥላልና ማንም አይሞክረው።

ውሃው ጥርት ያለና ሽታ የሌለው ሆኖ፣ ዝናብ ባልዘነበበት ጊዜ የሚመጣ ከሆነ ወደ ኤሲው እንመለከታለን። ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ላብ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ የኤሲው ማቀዝቀዣም በአየር ውስጥ ያለውን እርጥበት ወደ ውሃ ይለውጠዋል። ይህ ውሃ በአንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ አማካይነት ከመኪናው በታች መሬት ላይ መፍሰስ አለበት። በበጋ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ጋምቤላ የወረደ መንገደኛ፣ ኤሲውን ከፍቶ ሲነዳ ውሎ መኪናውን ሲያቆም ከሥሯ የውሃ ጠብታ ቢያይ የሚያሳስብ ነገር የለም። የሚያሳስበው ከሥሯ ደረቅ ሆኖ ጋቢናው ሲረጥብ ነው። ያን ጊዜ ቱቦዋ በአቧራ፣ በሸረሪት ድር ወይም በቅጠል ተደፍናለች ማለት ነው። ከታች በኩል በለስላሳ ሽቦ ወይም በቀስታ በሚነፋ አየር ስትከፈት የታቆረው ውሃ ይወርዳል፤ ጥገናውም በጥቂት ደቂቃ ያልቃል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪናዎች በመንገዳችን ላይ እየበዙ መጥተዋል። እነዚህም ኤሲ፣ በርና የፊት መስታወት ስላላቸው ከዚህ ችግር ነፃ አይደሉም። በነሱ ላይ ምርመራ የሚያደርግ ሰው ብርቱካን ቀለም ያላቸውን ወፍራም ሽቦዎች ከቶ መንካት የለበትም። እነዚህ ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፉ ስለሆኑ ሥራው ለሠለጠነ ባለሙያ ይተው።

የዝናብ ውሃ መግቢያዎች

ውሃው ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ ብቻ የሚመጣ ከሆነ መግቢያው ከውጭ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙትን መግቢያዎች በየተራ እንመልከት።

የመጀመሪያው ከፊት መስታወቱ ሥር፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ በተተከሉበት ቦታ የሚገኘው ጎድጓዳ ስፍራ ነው። ይህ ስፍራ ለመኪናው እንደ ቤት አሸንዳ ነው። ከመስታወቱ የሚወርደውን ውሃ ተቀብሎ በግራና በቀኝ ባሉ መውረጃዎች ወደ መሬት ይለቀዋል። ለተሳፋሪው ንጹሕ አየር የሚገባውም ከዚሁ ስፍራ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ከተማችን የገባው የባሕር ዛፍ ቀጭን ቅጠል፣ እንዲሁም የጽድና የጃካራንዳ ርጋፊ፣ ከዛፍ ሥር በምትቆም መኪና ላይ እየወረደ በወንፊቱ ውስጥ ሾልኮ ይገባና መውረጃዎቹን ይደፍናል። ያን ጊዜ ውሃው መሄጃ ሲያጣ ከፍ ብሎ በአየር መግቢያው ተትረፍርፎ ወደ ጋቢናው ይገባል። መጠኑን ለመገመት ያህል፣ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። እንግዲህ ወደ አሸንዳው የሚያፈስሰው የመስታወትና የላሜራ ስፋት አንድ ካሬ ሜትር ቢሆን፣ በአንድ የነሐሴ ሌሊት ሃያ ሚሊሜትር ዝናብ ቢዘንብ፣ ሃያ ሊትር ወይም አንድ ጀሪካን ሙሉ ውሃ መውጫ ይፈልጋል ማለት ነው።

ሁለተኛው በር ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር በዝናብ ጊዜ በበሩ ሆድ ውስጥ ውሃ መግባቱ የተለመደ መሆኑን ነው። ውሃው ከመስኮቱ መስታወት ጋር ቁልቁል ወርዶ በበሩ ግርጌ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። ከበሩ የውስጥ ልባስ ጀርባ የተለጠፈ ፕላስቲክ ደግሞ ውሃው ወደ ተሳፋሪው እንዳይሻገር ይከለክላል። ቀዳዳዎቹ በጭቃ ሲደፈኑ ወይም ሬዲዮ ወይም የመስኮት ማንሻ ለመጠገን በሩን የፈታው ሰው ፕላስቲኩን ቀዶ ሲተወው፣ ውሃው ከደፉ ላይ አልፎ ወደ ወለሉ ይፈስሳል። በሩ ሲዘጋ ውሃ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ከተሰማ ምልክቱ ይኸው ነው።

ሦስተኛው የፊቱ መስታወት ነው። መስታወቱ ተሰብሮ የተለወጠ እንደ ሆነና ማጣበቂያው በጥንቃቄ ካልተቀባ ወይም የክፈፉ ላሜራ ከዛገ፣ ውሃው በማዕዘኑ ገብቶ በዳሽቦርዱ ጀርባ ይወርዳል። ጣሪያቸው የሚከፈት መኪናዎች ደግሞ በማዕዘኖቻቸው ቀጫጭን የውሃ መውረጃ ቱቦዎች ስላሏቸው እነዚህ ሲደፈኑ ወይም ሲወልቁ ጣሪያው ራሱ ውሃ ያፈስሳል።

አራተኛው የሞተሩን ክፍል ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው የላሜራ ግድግዳ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ናቸው። ሽቦና ቱቦ የሚያልፍባቸው እነዚህ ቀዳዳዎች በጎሚኒ የታሸጉ ናቸው። ስለ አገራችን መኪናዎች በዚህ ላይ አንድ ልዩ ነገር እንጨምራለን። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ መስመር ወደ ቀኝ መስመር አነዳድ ከተዛወረች ወዲህ ለመንገዳችን የሚስማማው መሪው በግራ የሆነ መኪና ነው። ነገር ግን በቀኝ መሪ ተሠርተው በኋላ መሪያቸው ወደ ግራ የተዛወሩ ብዙ ያገለገሉ መኪናዎች ገብተዋል። በእንደዚህ ያለ መኪና የቀድሞው የመሪ ዘንግና የፔዳሎች ቀዳዳ የሚገኘው ዛሬ ጋቢና በሆነው ወገን ነው። ያ ቀዳዳ በደንብ ካልተደፈነ በዝናብ መንገድ ላይ ጎማው የሚረጨው ውሃ በዚያ ይገባል። ስለዚህ የተዛወረ መሪ ያላት መኪና ባለቤት ይህንን ስፍራ አስቀድሞ ቢያይ ድካም ይቀንስለታል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ከታች ነው። በወለሉ ላሜራ ላይ በጎማ ክዳን የተዘጉ ቀዳዳዎች አሉ። መኪናው ዝናብ ሲወርድበት አድሮ ደረቅ ሆኖ፣ ኩሬ ሲያቋርጥ ብቻ የሚረጥብ ከሆነ የወለቀ ክዳን ወይም በዝገት የተበሳ ወለል ይፈለግ።

ምርመራው እንዴት ይካሄድ?

አስቀድሞ ወለሉ ይድረቅ። በረጠበ ወለል ላይ አዲሱን ውሃ ከአሮጌው መለየት አይቻልም። የደፉ ፕላስቲክ ይነሣ፣ ምንጣፉ ይገለጥ፣ ስፖንጁም ወጥቶ ይጨመቅ። ወንበር ማንሣት የሚያስፈልግ ሲሆን ከሥሩ የኤርባግ ሽቦ ሊኖር ስለሚችል አስቀድሞ የባትሪው መስመር ይፈታ፤ ይህንንም የሚያውቅ ሰው ቢሠራው ይመረጣል።

ቀጥሎም ወለሉ ላይ ያለፈው ሳምንት ጋዜጣ ይነጠፍ። ጋዜጣ ከተነበበ በኋላ እንኳ ጥቅም አያጣም፤ ውሃ የነካው ቦታ ወዲያው ስለሚጠቁር ጠብታው መጀመሪያ የት እንዳረፈ ያሳያል። በላሜራው ግድግዳና በምሰሶው ሥር ደግሞ የጠመኔ ዱቄት ወይም የሕፃናት ፓውደር በስሱ ቢነሰነስ ውሃው የሄደበትን መንገድ በዱቄቱ ላይ ጽፎት ያልፋል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንደኛው የእጅ ባትሪ ይዞ ጋቢና ውስጥ ከዳሽቦርዱ ሥር ይመለከታል። ሁለተኛው ከውጭ በአትክልት ማጠጫ ወይም በጎማ ውሃውን በቀስታ ያፈስሳል። በኃይል የሚረጭ የእጥበት ማሽን ለዚህ አይሆንም፤ ጤናማውን ጎማ ሁሉ ገልጦ ስለሚያስገባ የሐሰት ምስክር ይሆናል። አፈሰሱ ከታች ወደ ላይ መሄድ አለበት፤ ይኸውም በመጀመሪያ የበሩ ግርጌ፣ ቀጥሎ የመስኮቱ ዳር፣ ከዚያ ከመስታወቱ ሥር ያለው አሸንዳ፣ ከዚያ የመስታወቱ ማዕዘን፣ በመጨረሻ ጣሪያው። በእያንዳንዱ ቦታ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል። ከላይ የተጀመረ እንደ ሆነ ውሃው ወደ ታች ወርዶ ሁሉንም ስለሚያረጥብ የትኛው መግቢያ እንደ ሆነ አይለይም።

ጠብታው ሲታይ ወዲያው ማቆምና ቦታውን መዝግቦ መያዝ ነው። ከዚያም ቦታው ደርቆ ያው ሙከራ ዳግመኛ ይደረግ። ሁለት ጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ውሃ ሲፈስስ ሁለት ጊዜ ከገባ መግቢያው ተገኝቷል ማለት ይቻላል። ውሃ ማፍሰስ ባልተመቸ ጊዜ ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። መስኮቶቹ ተዘግተው ንጹሕ አየር ከውጭ እንዲገባ ተደርጎ ቬንቲሌተሩ በሙሉ ኃይሉ ይከፈት፤ ከውጭም የሳሙና ውሃ በመስታወቱና በበሩ ዳር በብሩሽ ይቀባ። አረፋ የሚነሣበት ቦታ አየር ያስወጣል፤ አየር ያስወጣ ቦታም ውሃ ሊያስገባ ይችላል።

መኪናው የቆመበትም ሁኔታ ይታሰብ። በቁልቁለት አፍንጫውን ወደ ታች አድርጎ ያደረ መኪና ውሃው ወደ ፊት ይሰበሰባል፤ በዳገት የቆመ ግን ወደ ኋላ ወንበር ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ቀን የኋላው፣ አንድ ቀን የጋቢናው ወለል ቢረጥብ ሁለት ቀዳዳ አለ ማለት ላይሆን ይችላል።

ችኮላ የሚያስከፍለው ዋጋ

አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ለምሳሌ እንውሰድ። ጋቢናው ሲረጥብ አንዱ ጓደኛው «የበሩ ጎማ ነው» ይለዋል፤ ጎማውን ይለውጣል። ዝናቡ ሲመለስ ውሃውም ይመለሳል። ሌላው «መስታወቱ ነው» ይለዋል፤ መስታወቱ ይነሣና እንደገና ይለጠፋል። ሦስተኛው በአገኘው ስንጥቅ ሁሉ ሲሊኮን ይቀባለታል። በዚህ መካከል የሁለት ወር ደመወዝ ሄዶ ውሃው እንዳለ ነው። በመጨረሻ አንድ አስተዋይ መካኒክ የመጥረጊያዎቹን መሸፈኛ አንሥቶ አንድ እፍኝ የባሕር ዛፍ ቅጠል ያወጣል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ሲሊኮኑ ግን ከመጥቀም አልፎ ጉዳት አድርጓል፤ በበሩ ግርጌ የነበሩትን የውሃ መውጫዎች አብሮ ደፍኗቸዋልና በሩ ከውስጥ መዛግ ጀምሯል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንደዚህ ያለው ነው።

ያገለገለ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም ከሁሉ ይበልጣል። የመኪናው ቀለም ሲያብለጨልጭ ከማየት ይልቅ የጋቢናውን ምንጣፍ ጠርዝ ገለጥ አድርጎ እጁን ከስፖንጁ ሥር ያስገባ። የወንበሩን ብሎኖች ይመልከት፤ ከወንበሩ ሌላው ክፍል ንጹሕ ሆኖ ብሎኖቹ ብቻ የዛጉ እንደ ሆነ ውሃ ቆሞባቸው ነበር ማለት ነው። በሩ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ሲከፈት የሚወጣውን የመጀመሪያ ሽታ ያሽት። ከሚገባው በላይ የሽቶ መዓዛ የሚሸት መኪና አንድ ነገር እየሸሸገ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን መኪና ክረምት ሳይገባ በግንቦት የሸጠ ሰው ገንዘቡን ይዞ ሲሄድ፣ ሐምሌን ከውሃው ጋር የሚያሳልፈው ገዢው ነው።

መግቢያው ከታወቀና ከተጠገነ በኋላም አንድ ሥራ ይቀራል፤ እርሱም ማድረቅ ነው። ስፖንጁ በመኪናው ውስጥ እንዳለ ቶሎ አይደርቅም፤ ወጥቶ በፀሐይና በነፋስ ብዙ ቀን መቆየት አለበት። የዛገ ላሜራ ካለ ተፈቅፍቆ ፀረ ዝገት ቀለም ይቀባ። በመጀመሪያው ዝናብ ማግሥትም ወለሉ እንደገና ይዳሰስ።

አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። በዚህ ጉዳይ ግን ቃጠሎውን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ቅጠሉ ራሱ ነው። በሚያዝያ ወይም በግንቦት አንድ የእሑድ ጧት ከመስታወቱ ሥር ያለውን አሸንዳ ከቅጠል ማጽዳት፣ የበሮቹን ግርጌ ቀዳዳ በቀጭን እንጨት መክፈትና የኤሲውን ቱቦ ማየት አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ወጪም የለበትም። ይህን ያደረገ ባለመኪና ዝናቡ ሲመጣ ዣንጥላውን አጥፎ ሲገባ ደረቅ ወለል ይጠብቀዋል። ያላደረገውና ውሃ የገባበት ግን ቢያንስ ሲሊኮን ከመግዛቱ በፊት ምንጣፉን ገልጦ ጋዜጣውን ያንጥፍ፤ ጠብታው የት እንደሚያርፍም ታግሦ ይመልከት።